«ግዙፍ» ስለሚለው ቃል ትርጓሜና አመጣጥ

1

የመጠንን ትልቅነት ከሚገልጹት ያማርኛ ቃላት መካከል በዛሬ ጊዜ የ«ግዙፍ»ን ያህል በብዛት የሚጻፍና የሚነገር ጥቂት ነው። ጋዜጣው ግዙፍ ግድብ፣ ግዙፍ ሕንፃ፣ ግዙፍ ኩባንያ፣ ግዙፍ በጀት ይላል። ዜና ነጋሪውም ስለ ዓሣ ነባሪ ወይም ከምድር ተቈፍሮ ስለ ወጣ የጥንት እንስሳ ዐፅም ሲናገር ይህንኑ ቃል ያስቀድማል። ተማሪ ትርጉሙን ቢጠየቅ ሳያመነታ «እጅግ በጣም ትልቅ» ብሎ ይመልሳል፤ ለትምህርት ቤት ተብለው የሚዘጋጁት አጫጭር የቃላት መፍቻዎችም ከዚህ ብዙ አያልፉም። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ፍችው ሐሰት ነው ለማለት አይደለም፤ ሕዝብ የሚናገርበትን ፍች ሐሰት ነው የሚል የቋንቋ ተመራማሪ ሥራውን አያውቅም። ነገር ግን ይህ ፍች ብቻውን ሲቀመጥ ጎደሎ ነው። ጎደሎነቱም የቆዩትን መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን፣ ዛሬ የሚሠራባቸውን ሕጎች ጭምር አጣምመን እንድናነብ ያደርገናል። ይህን በማስረጃ ለማሳየትና የቃሉን አመጣጥ ለመከተል እሞክራለሁ።

ለምርመራው መነሻ የሆነኝ አንድ መልመጃ ነው። ተማሪዎች ከግዕዝ ወደ አማርኛ እንዲመልሱት ከቀረበላቸው ጽሑፍ ውስጥ፣ ስለ ምስጢረ ሥጋዌ ሲናገር የቃልን ሰው መሆን በ«ገዝፈ» የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር ነበረ። በግዕዝ ሰዋስው ደኅና አድርጎ የሠለጠነ አንድ ተማሪ «እጅግ ታላቅ ሆነ» ብሎ ተረጐመው። ግሱን ለይቶታል፤ ጊዜውንና ባለቤቱን አልሳተም፤ ያሳተው ግዕዙ ሳይሆን አማርኛው ነው። የጽሑፉ ምስጢር ግን ፈጽሞ ተገለበጠ። ደራሲው ስለ መዋረድና ስለ መቅረብ ሲናገር፣ ተርጓሚው ስለ መጨመርና ስለ መግነን አስነበበ። በአንድ ቃል ምክንያት ይህን ያህል መገልበጥ ከመጣ፣ ቃሉ ሊመረመር ይገባዋል።

2

አስቀድመን መልኩን እንመልከት። «ግዙፍ» ከግዕዙ ግስ ከ«ገዝፈ» የሚወጣ፣ የአብነት መምህራን ሳድስ ቅጽል የሚሉት ዐይነት ቃል ነው። ከ«ከብደ» «ክቡድ»፣ ከ«ከብረ» «ክቡር» እንደሚወጣ ማለት ነው። የግሱ መካከለኛ ፊደል ሳድስ መሆኑ ከ«ከብደ»፣ ከ«ጸንዐ»፣ ከ«ዐብየ» ጋራ ያስመድበዋል። እነዚህን የመሰሉ ግሶች አብዛኞቹ በሌላ ላይ የሚፈጸም ሥራን አያመለክቱም፤ ባለቤቱ ያለበትን ወይም የደረሰበትን ሁኔታ ይናገራሉ። እንግዲህ «ገዝፈ» ማለት ወፈረ፣ ደነደነ፣ ጥቅጥቅ አለ ማለት ነው፤ «ግዙፍ»ም ወፍሮና ደንድኖ የሚገኘው ነው። በተቃራኒው የሚቆሙት «ቀጢን»ና «ረቂቅ» ናቸው፤ አንዱ ቀጭን፣ ሁለተኛው ከመቅጠን አልፎ የማይጨበጥ እስከ መሆን የደረሰ።

አውጉስት ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 በላቲን ቋንቋ ያሳተመው የግዕዝ መዝገበ ቃላትም፣ ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው የግዕዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላትም ለዚህ ግስ ውፍረትንና ጥቅጥቅነትን የሚያመለክቱ ፍችዎችን ያስቀድማሉ። ትልቅነት ከዚያ የሚከተል ነው። የኛ ሊቅ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደክመውበት በ1948 ዓ.ም. የታተመው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ደግሞ በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ቃላቱን በአበገደ ተራ በየግሳቸው ሥር ስለሚያሰልፍ፣ አንባቢው አንዱን ቅጽል ሲፈልግ ከእናቱ ከግሱና ከወንድሞቹ ከስሞቹ ጋራ ያገኘዋል። የኋለኞቹ አጫጭር መፍቻዎች ጉድለት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። «ግዙፍ»ን ከ«ገዘፈ»፣ ከ«ግዘፍ»ና ከ«ግዙፍነት» ነጥለው ለብቻው ያቆሙታል፤ ከዘመዶቹ የተለየ ቃልም በየቀኑ የሚነገርበትን ፍች ብቻ ይዞ ይቀራል።

3

ወደ መጻሕፍት እንለፍ። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 6 ቍጥር 10 ላይ፣ በማቴዎስ ወንጌልም ምዕራፍ 13 ቍጥር 15 ላይ ተመልሶ በተጠቀሰው ቃል፣ የማያስተውል ሕዝብ ልብ ምን እንደ ሆነ ይነገራል። የጽርኡ መጽሐፍ ልብ «ወፈረ» በሚል ግስ ይናገራል፤ የግዕዙ ተርጓሚ በዚያው ስፍራ «ገዝፈ» አለ። በ1954 ዓ.ም. የታተመው ያማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ «ደንድኖአል» ይላል። ሦስቱ ቋንቋዎች በአንድ ስፍራ ያስቀመጧቸው ሦስት ቃላት እርስ በርሳቸው የሚተረጓጐሙ ናቸው። እዚህ ላይ «ገዝፈ»ን በዛሬው ፍች «እጅግ ትልቅ ሆነ» ብንለው ውጤቱ ምን ይሆናል? ልበ ሰፊ፣ ልበ ትልቅ የሚል ምስጋና ይመስላል፤ መጽሐፉ ግን የሚወቅሰው ነው። የወፈረ ልብ ነገር የማይዘልቀው ልብ ነው፤ ወፍራም ቆዳ መርፌን እንደሚመልስ ሁሉ።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 32 ቍጥር 15 ላይ በሚገኘው የሙሴ መዝሙርም የያዕቆብ መጥገብ፣ መስባትና መወፈር ተከታትሎ ይነገራል። ንባቡ ስለ ቁመት ወይም ስለ ክብር አያወሳም፤ ጠግቦ የተንደላቀቀውን፣ ከውፍረቱም የተነሣ የረገጠውን ከብት የመሰለ ሕዝብ ያሳያል። «ገዝፈ» የተስማማው ለዚህ ሥዕል ነው።

ለማመሳከር ያህል ደግሞ ስለ ታላላቅ ሰዎች ከሚናገረው ስፍራ እንነሣ። በመጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 7 ከትጉሃን የተወለዱት ልጆች ቁመት 3000 ክንድ እንደ ነበር ተጽፏል። በግዕዝ ጽሑፍ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የአካል ትልቅነት ለማግኘት ያስቸግራል። የግዕዙ መጽሐፍ ግን እነዚህን «ግዙፋን» ብሎ አልሰየማቸውም፤ «ረዐይት» አላቸው። ለእንዲህ ያሉት ፍጡራን «ያርብሕ» የሚል ሌላ ስምም በግዕዝ አለ። ቋንቋው ከልክ ላለፈ ቁመት የተለዩ ስሞች ሲኖሩት «ግዙፍ»ን ለሌላ ሥራ ጠብቆታል። የዛሬ ጸሐፊ ይህንኑ ታሪክ ባማርኛ ቢተርክ «ግዙፍ ሰዎች» ማለቱ የማይቀር ነው፤ ተማሪውም ይህን አንብቦ ወደ ግዕዙ ቢመለስ ቃሉን በስፍራው አያገኘውም።

እርግጥ ነው፣ የወፈረ አካል ከቀጠነው ይልቅ ትልቅ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ «ግዙፍ» በግዕዝም ቢሆን ስለ ሰው ገላ፣ ስለ ዛፍ ግንድ ወይም ስለ ድንጋይ ሲነገር «ትልቅ» ብሎ መተርጐም የሚስማማበት ስፍራ አለ። የምለው በሁለቱ መካከል ድንበር የለም አይደለም፤ ከሁለቱ የትኛው ግንድ፣ የትኛው ቅርንጫፍ እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል ነው።

4

የቃሉ ዋና ክብር የሚገኘው ግን በትምህርተ ሃይማኖትና በፍልስፍና ቋንቋ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ፍጥረትን ሲከፍሉ በአንድ ወገን «ረቂቅ»ን፣ በሌላው ወገን «ግዙፍ»ን ያቆማሉ። መላእክት ረቂቃን ናቸው፤ ነፍስ ረቂቅ ናት፤ ሥጋ ግዙፍ ነው፤ ምድርና በላይዋ ያለው የሚታየው፣ የሚዳሰሰው ሁሉ ግዙፍ ነው። በዚህ አከፋፈል መጠን ምንም ስፍራ የለውም። የሰናፍጭ ቅንጣት በዐይን ስለምትታይና በጣት ስለምትያዝ ግዙፍ ናት። መልአክ ከምድር እስከ ሰማይ ቢመላም ረቂቅ ነው። «ግዙፍ»ን «እጅግ ትልቅ» ብቻ አድርጎ የሚፈታ ሰው ለዚህ ትምህርት በሩ ዝግ ነው፤ ቅንጣቲቱ ስለምን ግዙፍ እንደ ተባለች ሊገባው አይችልምና።

ውፍረት ወደዚህ ፍች እንዴት ደረሰ? ነገሩን በዐይንና በእጅ ብናስበው አይከብድም። ቀጭን ነገር ብርሃን ያሳልፋል፤ ይበልጥ ሲቀጥን ለእጅ አይሰማም፤ እጅግ ሲቀጥን እንደ ነፋስ፣ ከዚያም እንደ መንፈስ ይሆናል። ወፍራም ነገር ብርሃንን ይጋርዳል፤ እጅንም ይመክታል። ስለዚህ ከውፍረት ወደ መዳሰስ፣ ከመዳሰስም አካል ወደ መሆን መሻገር ለግዕዝ ሰዎች ብቻ የተገለጠ መንገድ አይደለም። በ4ኛው ምእት ዓመት የነበረው ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ በልደት በዓል በሰበከው ስብከት፣ ስለ ቃል ሰው መሆን ሲናገር «ወፈረ፣ ደነደነ» የሚል ትርጉም ያለውን የጽርእ ግስ ተጠቅሟል። ይህ ግስ በኢሳይያስ መጽሐፍ ለሕዝቡ ልብ ከተነገረው ጋራ አንድ ነው። እንግዲህ የግዕዝ ሊቃውንት ለሥጋዌ «ገዝፈ» ሲሉ ከጥንታውያኑ መምህራን አነጋገር ጋራ ይስማማሉ። ረቂቁ ገዘፈ ማለት የማይዳሰሰው ተዳሰሰ፣ የማይታየው ታየ ማለት ነው። ከላይ ያነሣሁት ተማሪ የሳተው ይህን ነበር።

አማርኛም ይህን ፍች ጨርሶ አልጣለውም። «ግዘፍ ነሣ» የሚለው አነጋገር እስከ ዛሬ በጽሑፍ ይሠራል፤ ሐሳቡ ግዘፍ ነሣ፣ ሕልሙ ግዘፍ ነሥቶ ታየ ይባላል። እዚህ ላይ «ግዘፍ» ትልቅነት ቢሆን ኖሮ ሐሳቡ ከበፊቱ ይልቅ ተለቀ ማለት በሆነ ነበር። የሚናገረው ሰው የሚለው ግን፣ በልቡና ውስጥ የነበረው ነገር አካል አግኝቶ በተግባር ታየ ነው። ያንዱ ግስ ስም አሮጌውን ፍች ሲጠብቅ፣ ቅጽሉ ወደ ሌላ ቤት ገብቷል። እንዲህ ያለው መለያየት በቋንቋ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው ግን ሁለቱን አገናኝቶ የማሳየት ግዴታ አለበት።

5

አሮጌው ፍች በሃይማኖት መጻሕፍትና በአንድ ፈሊጥ ብቻ ተወስኖ ቢሆን ነገሩ የሊቃውንት ጉዳይ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ነገር ግን የሀገሪቱ ሕግ በዚሁ ፍች ላይ ቆሟል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ንብረት በሚናገርበት ክፍል «ግዙፍነት ያላቸው» ነገሮችንና ግዙፍነት የሌላቸውን ይለያል። በአንቀጽ 1127 መንፈስ ግዙፍነት ያለው ተንቀሳቃሽ ነገር ማለት ቁሳዊ ህልውና ያለው፣ ባሕርዩ ሳይለወጥ በራሱ የሚንቀሳቀስ ወይም ሰው ሊያንቀሳቅሰው የሚችል ነው። ስለ ትልቅነት የተነገረ ነገር የለም። መርፌ፣ የጣት ቀለበት፣ አንዲት ሳንቲም ግዙፍነት ያላቸው ናቸው። አንድ ባለዕዳ ለባለገንዘቡ የሚከፍለው የብዙ ሚሊዮን ብር ዕዳ ግን የመጠየቅ መብት እንጂ የሚዳሰስ ነገር ስላይደለ፣ በራሱ ግዙፍነት የለውም።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ሁለት አንቀጾች ለቋንቋ ተመራማሪ ይበልጥ የሚያስደስቱ ናቸው። አንቀጽ 1128 ላምጪው በሚከፈል ሰነድ ውስጥ የሰፈረ መብት፣ በሌላ አኳኋን ካልተወሰነ በቀር፣ ግዙፍነት እንዳለው ነገር እንዲቈጠር ያዛል። የማይዳሰሰው መብት በወረቀቱ ግዘፍ ነሣ ማለት ነው። አንቀጽ 1129 ደግሞ እንደ ኤሌክትሪክ ያለ፣ ዋጋ ያለው የተፈጥሮ ኀይል፣ ሰው ገዝቶት ለጥቅሙ ባዋለው ጊዜ እንደዚሁ እንዲቈጠር ይወስናል። ኤሌክትሪክ ለዐይን ረቂቅ ነው፤ ሕጉ ግን ሊሰረቅ፣ ሊሸጥና ሊለካ መቻሉን አይቶ ከግዙፋኑ ጋራ አስቀመጠው። ሊቃውንት ስለ ረቂቅና ስለ ግዙፍ በሚያደርጉት ክርክር ያደገ አእምሮ ይህን የሕግ ዘዴ ለመረዳት አይቸገርም። «ግዙፍ»ን ከጋዜጣ ብቻ የተማረ ሰው ግን ይደናገራል። አንድ ነጋዴ «ግዙፍነት የሌላቸው ሀብቶች» የሚለውን አንብቦ፣ ዋጋቸው አነስተኛ የሆኑ ዕቃዎች ናቸው ብሎ ሲያስረዳ ሰምቻለሁ። ነገሩ ያስቃል፤ ነገር ግን በዚህ አነጋገር የተጻፈ ውል የሚፈርም ሰው ስሕተት ዋጋ ሊያስከፍለው ይችላል።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 23 አንድ ድርጊት ወንጀል የሚሆነው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮቹ ሲሟሉ መሆኑን ይደነግጋል። «ግዙፋዊ» የተባለው በውጭ የታየው፣ የተፈጸመው ድርጊት ነው፤ በልብ የታሰበው ከሞራላዊው ወገን ይቈጠራል። ትንሹም ስርቆት እንደ ትልቁ ግዙፋዊ ፍሬ ነገር አለው። ሕግ አርቃቂዎቹ «ግዙፋዊ»ን ሲመርጡ ቃል ፈጠራ ውስጥ አልገቡም፤ ከአብነት ትምህርት ቤት የመጣውንና ለዚሁ ነገር ብዙ ዘመን ያገለገለውን ቃል ወደ ሸንጎ አስገቡት። ያማርኛ የሕግ ቋንቋ ምን ያህል ለግዕዝ ትምህርት ባለዕዳ እንደ ሆነ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አያስፈልገውም።

6

አሁን ስለ ሥሩ እንነጋገር። የድምፅ መቀራረብን ብቻ የሚከተል ሰው «ግዙፍ»ን «ገዛ» ከሚለው ጋራ ለማዛመድ ይፈተን ይሆናል፤ ትልቅ የሆነ ይገዛል፣ የሚገዛም ትልቅ ነው ብሎ። ይህ የማይቆም ዝምድና ነው። «ገዛ»፣ «እግዚእ»፣ «ግዛት» የሚወጡበት ግስ ሦስተኛው መሠረታዊ ፊደሉ አልፍ ነው። የ«ገዝፈ» ሦስተኛ ፊደል ግን ፈ ሲሆን፣ በግሱ፣ በስሙና በቅጽሉ ሁሉ ሳይወድቅ ይገኛል። በሴም ቋንቋዎች ሦስቱ መሠረታውያን ፊደላት የቃሉ አጥንት ናቸውና አንዱ በሌላ የሚለወጥበት ሕግ ካልታየ በቀር ፍችን ብቻ ተመልክቶ ማዛመድ አይገባም። ሥሩ በትግርኛም ይኖራል፤ «ገዚፍ» ትልቅ፣ ግዙፍ ማለት ነው። እንግዲህ ቃሉ የግዕዝና የወገኖቹ የቆየ ሀብት መሆኑ የተረጋገጠ ነው።

ይበልጥ የሚያስተምረን ግን የፍችው ጉዞ ነው። ለዚህም የተሻለ ምሳሌ የሚሰጠን ሌላ የግዕዝ ቃል፣ «ዐብየ» ነው። በግዕዝ «ዐቢይ» ማለት ታላቅ ነው፤ ዐቢይ ጾም የምንለውም ከዚሁ ነው። ነገር ግን የዚህ ሥር ዘመድ የሆነው የዕብራይስጥ ግስ መወፈርን ይናገራል፤ በሱርስትም እንዲሁ ነው። ከላይ በጠቀስነው በሙሴ መዝሙር፣ ስለ መወፈር ከተነገሩት የዕብራይስጥ ግሶች አንዱ ይኸው ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 12 ቍጥር 10 ላይም፣ የሮብዓም ትንሽ ጣት ከአባቱ ወገብ እንደምትወፍር የተነገረው በዚሁ ሥር ነው። እንግዲህ የ«ዐብየ» ሥር ጥንት የውፍረት ቃል ነበር፤ በግዕዝ ወደ ታላቅነት ወጣ። ወደ ታላቅነት ከወጣ በኋላም አላቆመም፤ «ትዕቢት»ና «ታበየ» ከዚሁ ተወልደው የልብን መወጠር የሚናገሩ ሆኑ። ውፍረት፣ ታላቅነት፣ ኩራት፤ ያንድ ቃል ሦስት ማደሪያ።

«ዐብየ» የውፍረትን ስፍራ ሲለቅ በግዕዝ ያንን ሥራ የያዘው «ገዝፈ» ነው። አሁን ደግሞ ባማርኛ «ገዘፈ» በተራው ወደ ታላቅነት ወጥቶ ስፍራውን ለ«ወፈረ»ና ለ«ደነደነ» ለቋል። ዛሬ ስለ ገመድ፣ ስለ ዱላ ወይም ስለ እንጀራ ውፍረት የሚናገር ሰው «ግዙፍ» አይልም፤ ቢል ያስገርማል። ጉዞው በዚህ የሚያበቃም አይመስልም። ከፍ ያለ ደመወዝ የሚያገኘውን ሰው «ወፍራም ደመወዝ አለው» ስንል፣ ብዙ ገንዘብንም «ዳጎስ ያለ ገንዘብ» ስንል፣ የውፍረት ቃላት በዐይናችን ፊት ወደ ብዛትና ወደ ታላቅነት ሲሻገሩ እናያለን። «ዐቢይ» የሄደበትን መንገድ «ግዙፍ» ተከተለው፤ «ወፍራም»ም እግሩን በዚያው መንገድ ላይ አሳርፏል። ስለዚህ የ«ግዙፍ» መለወጥ የጋዜጠኞች ግዴለሽነት ያመጣው ብልሽት ነው የሚሉት ወቀሳ ትክክል አይደለም። ለውጡ የሥርዐት ልጅ ነው፤ በሌላ ቃል ላይ አስቀድሞ የተፈጸመ ነው።

7

ይህ መንገድ ስለምን እንዲህ ደጋግሞ ይረገጣል? ወደ ሕዝቡ የመጠን አነጋገር ብንመለስ አንድ ነገር እናገኛለን። በገጠር ርዝመት በክንድና በስንዝር ይለካል፤ ውፍረት ግን በጭብጥና በእቅፍ ይነገራል። ዱላው ጭብጥ ይሞላል፤ ዋርካው ለሁለት ለሦስት ሰው እቅፍ ነው ይባላል። ርዝመትን ሰው ከሩቅ ሆኖ በዐይኑ ይገምታል፤ ውፍረትን ለማወቅ ግን ሊይዘውና ሊያቅፈው ይገባል። እጁ ሳይገናኝ ሲቀር ነገሩ ከዐቅሙ በላይ መሆኑን በገላው ያውቃል። ስለዚህ ውፍረት ከመጠኖች ሁሉ ይልቅ ለሰው ገላ የቀረበ ነው። አካልነትንም ሆነ ከልክ ማለፍን ለመናገር ሲፈለግ የውፍረት ቃል የሚጠራው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። እጅ ሲይዘው «አለ፣ ይዳሰሳል» ይባላል፤ እጅ ሳይበቃው ሲቀር «ከልክ በላይ ነው» ይባላል። የ«ግዙፍ» ሁለት ቅርንጫፎች፣ አንዱ በሊቃውንት ቤት፣ ሁለተኛው በአደባባይ፣ የበቀሉት ከዚህ አንድ ግንድ ነው።

ይህን የሚያጠናክር ሌላ ምስክር አለ። «ግዙፍ» ከ«ረቂቅ» ፊት ለፊት ይቆምበት የነበረውን ስፍራ በትምህርት ቤት ሰዋስውና በተራው ጽሑፍ ዛሬ የያዘው «ተጨባጭ» የሚለው ቃል ነው፤ ተጨባጭ ስምና ረቂቅ ስም፣ ተጨባጭ ማስረጃ ይባላል። «ተጨባጭ» የወጣው «ጨበጠ» ከሚለው ግስ ነው። ቋንቋው አሮጌውን ቃል ሲያጣ አዲሱን የፈለገው ከዚያው ከእጅ ነው። «ረቂቅ» በበኩሉ ሥራ አብዝቷል፤ ሊቁ ስለ መልአክ፣ ሐኪሙ በዐይን ስለማይታዩ ተሕዋስያን፣ የምክር ቤት አባሉም ገና ስላልጸደቀ ሕግ ይናገርበታል።

በሌላ ወገን፣ ገበሬው ስለ ትልቅ ነገር ሲናገር «ግዙፍ»ን ብዙ አይፈልገውም። ተራራ የሚያህል፣ ዝሆን የሚያህል፣ ጋን የሚያህል እያለ የሚታየውን በሚታየው ይመዝነዋል። ለብዛት «የትየለሌ» ይላል፤ ለሰባ በሬ «ድልብ»፣ ለጠነከረ አንገት «ደንዳና» ይላል። የከተማው ጐረምሳም «ግብዳ» የሚል የራሱ ቃል አለው። «ግዙፍ» ከእነዚህ ተለይቶ የጽሑፍና የመድረክ ቃል ሆኖ መቆየቱ ከመጻሕፍት ቤት እንደ ወጣ ያስታውሰናል። ከዚያ የወጣ ቃል የድሮ ልብሱን በቶሎ አይጥልም፤ አነጋገሩ ከፍ ባለ ቍጥር አሮጌው ፍች ተመልሶ ይታያል።

8

ከዚህ ምርመራ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። መጀመሪያ፣ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ሁሉ ለ«ግዙፍ» ሦስት ፍችዎችን በተራ ሊሰጡት ይገባል፤ ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ፤ አካል ያለው፣ የሚዳሰስ፣ የረቂቅ ተቃራኒ፤ በመጨረሻም እጅግ ትልቅ። ተራው ራሱ ታሪኩን ይናገራል። ሁለተኛ፣ ግዕዝ የሚያስተምሩ መምህራን ተማሪውን ከማያውቀው ቃል ይልቅ የሚያውቀው የሚመስለው ቃል እንደሚያስተው ሊነግሩት ይገባል። «ገዝፈ»ን የተሳሳተው ተማሪ ቃሉን ፈጽሞ ባያውቀው ኖሮ መዝገበ ቃላት ይገልጥ ነበር፤ የገለጠው የለም፣ ባማርኛው ያውቀዋልና። ሦስተኛ፣ ሕግ የሚያረቁና ሕግ የሚያስተምሩ «ግዙፍነት»ን በጻፉበት ስፍራ ሁሉ የተራው አንባቢ ዐሳብ ወደ ትልቅነት እንደሚሄድ ዐውቀው ፍችውን አብረው ሊያኖሩት ይጠቅማል። ቃሉን ይለውጡት አልልም፤ የተመረጠ፣ ትክክለኛ ቃል ነውና።

ቃላት እንደ ሰው ቤት ይቀይራሉ፤ የቀየሩበት ምክንያትም ብዙ ጊዜ የሚያሳፍር አይደለም። የምናፍርበት ግን የቀድሞ ቤታቸውን ረስተን፣ በዚያ ቤት የተጻፈውን ሁሉ በአዲሱ ቤት ልማድ ስናነበው ነው። ዛሬ ጋዜጣ ስለ ግዙፍ ግድብ ሲጽፍ አንባቢው ትልቅነቱን ይረዳል፤ መልካም ነው። ያው አንባቢ የሊቃውንቱን መጽሐፍ ወይም የፍትሐ ብሔር ሕጉን ገልጦ «ግዙፍ» የሚለውን ሲያገኝ ደግሞ፣ ከመጠኑ በፊት መዳሰሱን ይጠይቅ። ይህን ካደረገ የቃሉ ሁለት ፍችዎች አይጣሉበትም፤ የሰናፍጭ ቅንጣትና የዓባይ ግድብ ባንድ ስም የሚጠሩበት ምክንያትም ግልጥ ይሆንለታል።